አሸንዳን ከአሸንዳ በሚወርድ ውኃ

ስሙ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው፤ የሜዳው መሬት ግን ጥቁር ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ በሚነሣበት በቱሉ ዲምቱ፣ ከኮረብታው ወረድ ሲሉ የሚገኘው አብዛኛው አፈር አርሶ አደሩ መረሬ ወይም ኮቲቻ የሚለው ከባድ ሸክላ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ጭቃው ጫማ ይዞ ያስቀራል። ጥርና የካቲት ላይ ደግሞ ያው መሬት እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ ሲዘራበት የኖረ አርሶ አደር ይህን ጠባይ ከአባቱ ተምሮታል። ሽምብራውን ዝናቡ ሊወጣ ሲል መስከረም ላይ የሚዘራው፣ ጤፉንም ውኃ የሚችል ሰብል ስለሆነ የሚመርጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን በዚያው መሬት ላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶችና የግል ቤቶች ቆመዋል። ከአርሶ አደሩ በተጨማሪ ከመሃል ከተማ የመጣው ነዋሪም በብሎኮች መካከል፣ በአጥር ሥርና በበር ላይ አበባና ጎመን መትከል ጀምሯል። መሬቱ ግን ነዋሪ ተለወጠ ብሎ ጠባዩን አይለውጥም። በሰኔ በደስታ የተተከለ ጽጌረዳ ነሐሴ ላይ ሥሩ ውኃ ውስጥ ቆሞ ቅጠሉ ይገረጣል፤ ከዚያ የተረፈው መጋቢት ላይ መሬቱ ሲሰነጠቅ ሥሩ ይበጣጠሳል። ብዙ ሰው ጥፋቱን በችግኙ ወይም በእጁ ያመካኛል። አንዳንዱም «ይህ መሬት አበባ አያበቅልም» ብሎ ሲሚንቶ ያፈስበታል።

መሬቱ አበባ ያበቅላል። የሚቸግረው የሌላ አፈር አበባ ማብቀሉ ነው። እርጥበት የሚወድ፣ ከሥሩ እየታደሰ ለዓመታት የሚኖር፣ የክረምቱን ብዛትም የበጋውን እጥረትም አይቶ ያደገ አበባ ቢፈለግ ከባሕር ማዶ ማስመጣት አያስፈልግም። በኢትዮጵያ ደጋ፣ በሣር ሜዳና በወንዝ ዳር በየክረምቱ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚቆመው አሸንዳ አለ።

አሸንዳ በአማርኛ ከአንድ በላይ ነገር ይጠራበታል። ለከተማው ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ከቆርቆሮ ጣሪያ ጫፍ ዝናብ ተቀብሎ የሚያወርደው ቦይ ነው። ለሰሜኑ ሰው ደግሞ በነሐሴ አጋማሽ፣ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ልጃገረዶች ረጅም ለምለም ቅጠል በወገባቸው አስረው የሚጨፍሩበት በዓል ነው። እዚህ የተነሣው ሦስተኛው ነው፤ በሳይንስ ስሙ ኒፎፊያ ፎሊዮሳ የሚባለው የደጋ አበባ። በአንዳንድ አካባቢ የዝንጀሮ አገዳም ይሉታል። የመጀመሪያውና ሦስተኛው አሸንዳ በቱሉ ዲምቱ ጓሮ እንዴት እንደሚገናኙ ወደ ኋላ ይነሣል።

ተክሉ ከእሬት ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ቅጠሉ ግን እንደ እሬት አይወፍርም፣ እሾህም የለውም። ከመሬት ጀምሮ እንደ ሰይፍ የረዘሙ፣ መሃላቸው ጎድጎድ ያለ ቅጠሎች ክብ ሠርተው ይወጣሉ፤ አንዱ ቅጠል እስከ አንድ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከመሃላቸው ጠንካራ ዘንግ ይወጣል፤ በዘንጉ ጫፍ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ ቱቦ መሰል አበቦች ተጠጋግተው ይደረደራሉ። ቀለማቸው ከቢጫ እስከ ብርቱካንማና ቀይ ነው። ከሩቅ ሲታይ የተለኮሰ ችቦ ይመስላል። ከመሬት በታች ወፍራም ግንደ ሥር አለው፤ ቅጠሉ በበጋ ቢጠወልግ እንኳ ዝናብ ሲመጣ ከዚያው ያቆጠቁጣል። አንድ ጊዜ የያዘ ተክል በየዓመቱ ሳይዘራ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

የወገኑ ስም የተወሰደው ክኒፎፍ ከተባለ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ ሐኪምና የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ወገኑ በዋናነት የአፍሪካ ሲሆን በአውሮፓ አትክልት ቦታዎች የታወቁት ዘሮች በአብዛኛው ከደቡብ አፍሪካ የሄዱ ናቸው። የኢትዮጵያው ኒፎፊያ ፎሊዮሳ ግን በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ብርቅዬ ዝርያ ነው። ብርቅዬ ሲባል ቁጥሩ ያነሰ ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ በዲንሾ አቅራቢያ ባለው የጋይሳይ ሜዳ በክረምት ወራት መሬቱን አልብሶ ይታያል። እዚያው ባሌ ውስጥ፣ በሳነቴ አምባ ላይ 4377 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራም ስሙ ቱሉ ዲምቱ ነው። የአቃቂው ቱሉ ዲምቱ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 እስከ 2200 ሜትር ላይ ነው። አሸንዳው በተፈጥሮ የሚበቅለው ከ2000 ሜትር ከፍታ ጀምሮ ወደ ላይ ስለሆነ የአቃቂ ሜዳ በመኖሪያው የታችኛው ጠርዝ ላይ ይገኛል። ይህ ለአትክልተኛው ትርጉም አለው። ሙቀቱ ከባሌ ይበልጣል፣ በጋውም ይከብዳል፤ ስለዚህ ተክሉ ከደጋው ይልቅ እዚህ የውኃ እርዳታ ይፈልጋል።

ከብት የማይነካው ተክል

ለከብት አርቢው አሸንዳ ጥሩ ስም የለውም። ከብት ቅጠሉን አይወደውም፤ በጎችም ዙሪያውን ያለውን ሣር ግጠው እሱን ይተውታል። በዚህ የተነሣ ከልክ በላይ በተጋጠ ሜዳ ላይ ሣሩ እየሳሳ፣ አሸንዳው እየበዛ ይሄዳል። አርሶ አደሩም ሜዳውን ያጠፋው አሸንዳው ይመስለዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሜዳውን ያሳሳው ከአቅሙ በላይ የገባበት ከብት ሲሆን አሸንዳው የደረሰው የተለቀቀውን ቦታ ለመያዝ ነው። የወረዳ የግጦሽ ባለሙያ አሸንዳ እየበዛ ያለበትን የወል መሬት ሲያይ መጠየቅ ያለበት ስለ ከብቱ ቁጥርና ስለ ግጦሹ ፈረቃ ነው። አሸንዳውን ነቅሎ መጣል ሣሩን አይመልሰውም።

ለግጦሽ መሬት ጉድለት የሆነው ይኸው ጠባይ ለጓሮ ጥቅም ነው። በቱሉ ዲምቱ መንገድ ዳርና በብሎኮች መካከል የተተከለ ችግኝ ዋነኛ ጠላቱ የሚንቀሳቀስ በግና ፍየል ነው። ለአንድ ችግኝ የሚወጣው የአጥር ወጪ ከችግኙ ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። አሸንዳ ሥር ከያዘ በኋላ አጥር ሳይኖረውም የመትረፍ ዕድሉ ከብዙዎቹ የአትክልት አበቦች የተሻለ ነው። ለጋ ችግኝ ሳለ ግን በእግር ይረገጣል፤ የመጀመሪያውን ዓመት እንኳ በእሾህ ወይም በድንጋይ ከለል ማድረግ ያስፈልጋል።

ግንደ ሥሩ በባህል ሕክምና ለሆድ ቁርጠትና ለቁስል ሲውል ቆይቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ምሁር ኤርምያስ ዳኜ ከጀርመናዊው ስቴግሊሽ ጋር እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጥናት ከዚሁ ተክል ያገኙትን አዲስ ውሑድ በተክሉ ስም ኒፎሎን ብለውታል። ከዚያ በኋላም ውሑዱ በበርካታ ቤተ ሙከራዎች ተፈትሿል። ይህ ግን ሥሩን ቀቅሎ ለመጠጣት ፈቃድ አይደለም። በሥሩ ያሉት ውሑዶች ኃይለኛ ናቸው፤ መጠኑን የሚያውቅ በሌለበት፣ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን መስጠት አደገኛ ነው። በጓሮ የሚተከለው ለአበባው ነው።

እርጥብ እንጂ የተኛ ውኃ አይደለም

አሸንዳ እርጥበት ይወዳል ሲባል ብዙ ሰው ውኃ የሚያቁረው ጉድጓዳ ቦታ ላይ ይተክለዋል። ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። በተፈጥሮ የሚበቅልበትን ቦታ ያስተዋለ ሰው ልዩነቱን ያያል። በደጋው ሜዳ ዝናቡ ብዙ ነው፤ አፈሩ ውስጥ ውኃ አለ፤ ነገር ግን መሬቱ ዘንበል ስላለ ውኃው ይንቀሳቀሳል፣ አይተኛም። ሥሩ ውኃም አየርም ያገኛል። በመረሬ ላይ ሐምሌ ላይ የሚሆነው ሌላ ነው። ሸክላው ሲያብጥ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ይዘጋል፤ አየር ይጠፋል፤ የግንደ ሥሩ አንገት ይበሰብሳል። ተክሉ መሞቱ የሚታወቀው ግን መስከረም ላይ፣ ቅጠሉ በእጅ ሲሳብ ያለ ምንም ተቃውሞ ሲነቀል ነው።

መፍትሔው ለአቃቂ አርሶ አደር አዲስ አይደለም። በኢትዮጵያ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚገመት መረሬ መሬት አለ፤ ከዚህም 7.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህሉ በደጋማው ክፍል ነው። ይህን መሬት ለማንጠፍጠፍ ለዓመታት በተሠራው ሥራ ቢ.ቢ.ኤም. የተባለው በበሬ የሚጎተት መደብና ቦይ ማውጫ ለአርሶ አደሩ ቀርቧል። መሣሪያው 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደብና 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቦይ ያወጣል፤ ሰብሉ በመደቡ ላይ ይቆማል፣ ትርፍ ውኃው በቦዩ ይወርዳል። ከዚያ በፊትም በሸዋ መረሬ ላይ በእጅ አፈር እየተከመረ መደብ የሚሠራባቸው ቦታዎች ነበሩ። ስንዴን ከውኃ ያዳነው ሐሳብ አበባንም ያድናል።

በጓሮ በሬ አያስፈልግም፤ አካፋና ዶማ ይበቃሉ። መደቡ ግንቦት ላይ፣ አፈሩ ገና ሳይጨቀይ ይሠራል። ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ከመደቡ ሥር ጠጠር ቢገባ ይረዳል፤ በአቃቂ ዙሪያ ካሉ ኮረብቶች የሚወጣው ቀላልና ቀዳዳማ ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ግንባታ ባለበት ሁሉ ትርፍራፊው አይጠፋም። የሲሚንቶና የኖራ ፍርስራሽ ግን አይግባ። መረሬውን ከበሰበሰ ፍግ ወይም ከኮምፖስት ጋር፣ ሁለት እጅ አፈር ለአንድ እጅ ኮምፖስት፣ ደባልቆ መሙላት ይቻላል። ንጹሕ አሸዋ ብቻ መጨመር ብዙዎች የሚሞክሩት ነው፤ ጥቂት አሸዋ በሸክላ ውስጥ ሲገባ ግን አፈሩን ከማላላት ይልቅ እንደ ጡብ ያደርገዋል። ኮምፖስት ይሻላል። የመደቡ ቦይ መውጫ ወደ ጎረቤት ግድግዳ እንዳይሆን መጠንቀቅም የጉርብትና ግዴታ ነው።

ሁለቱ አሸንዳዎች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። በአካባቢው አብዛኛው ዝናብ የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። የአንድ ቤት ጣሪያ 50 ካሬ ሜትር ቢሆንና በአንድ ቀን 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል፣ በጣሪያው ላይ የሚወርደው 1000 ሊትር ነው። ይህ ውኃ ዛሬ በአብዛኛው ቤት ከጣሪያው አሸንዳ ወርዶ በር ላይ ጭቃ ይሠራል፣ የቤቱን መሠረት ያረጥባል፣ ከዚያ መንገዱን ያበላሻል። ከአሸንዳው መውረጃ ወደ መደቡ ቦይ በጠጠር የተነጠፈ መስመር ቢወጣለት፣ ትርፉም በርሜል ቢገባ፣ ክረምቱ ሲወጣ ለመጀመሪያዎቹ ደረቅ ሳምንታት የሚሆን ውኃ ይቀራል። በርሜሉ ክዳን ይኑረው፤ ክፍት ውኃ የትንኝ መፈልፈያ ነው።

ዘር እንጂ ነቅሎ መውሰድ አይደለም

ችግኙ ከየት ይምጣ? ቀላል የሚመስለው መንገድ ወደ ደጋ ሜዳ ሄዶ ነቅሎ መምጣት ነው። ይህ በሁለት ምክንያት አይበጅም። ከብሔራዊ ፓርክ ተክል መንቀል በሕግ የተከለከለ ነው። ከዚህም በተጨማሪ በአበባ ላይ ያለ ትልቅ አሸንዳ ከነቅጠሉ ተነቅሎ በመኪና ተጭኖ ቢመጣ ግንደ ሥሩ ይቆሳስላል፤ አዲስ ቦታ ላይ ከሚይዘው የሚበሰብሰው ይበዛል። አንድ ሜዳ ይራቆታል፤ አንድ ጓሮም አያምርም።

የተሻለው ዘር ነው። አበባው ከረገፈ በኋላ በዘንጉ ላይ ትናንሽ ፍሬዎች ይቀራሉ፤ ሲደርቁ በሦስት ተሰንጥቀው ጥቁር፣ ማዕዘን ያለው ዘር ይታያል። ይህ በአብዛኛው ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ከግል ማሳ ዳር ወይም ባለቤቱ ከፈቀደበት ቦታ ሁለት ሦስት ዘንግ ቢወሰድ ለብዙ ቤት ይበቃል፤ የቀረው እዚያው ይርገፍ። ዘሩ በወረቀት ከረጢት ውስጥ፣ ቀዝቀዝ ባለና በደረቅ ቦታ ይቀመጣል። በላስቲክ ታስሮ ከቆየ ይሻግታል። ለረጅም ዓመታት ከማስቀመጥ በዚያው ዓመት መዝራት ይመረጣል።

የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት ላይ በሣጥን ወይም በተቀደደ ጀሪካን፣ በተነፋ አፈርና ኮምፖስት ላይ ይዘራል። ዘሩ በስሱ ብቻ ይሸፈናል። አፈሩ ሳይደርቅ፣ ሳይጨቀይ፣ በጥላ ሥር ቢቆይ በሦስትና በአራት ሳምንት ገደማ ይወጣል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ የሚወጣው ቀጭን አረንጓዴ ነገር ፍጹም ሣር ይመስላል። ልጆች ወይም ቅን ጎረቤት «አረም» ብለው ነቅለው ሲጨርሱት ይታያል። ሣጥኑ ላይ ምልክት ማድረግ ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

ችግኙ ጣት ሲያህል ወደ ፕላስቲክ ከረጢት ይዛወራል። በተመሳሳዩ ዓመት ሐምሌ ላይ ቀጥ ብሎ መደብ ላይ ሊተከል ይችላል፤ ነገር ግን በመረሬ ላይ አንድ ዓመት በከረጢት አጠንክሮ በቀጣዩ ሰኔ መጨረሻ መትከል ኪሣራውን ይቀንሳል። በተክልና በተክል መካከል ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይተዋል። አንገቱ ከመሬት ጋር እኩል ይሁን፤ ወደ ታች የተቀበረ አንገት በመጀመሪያው ዶፍ ይበሰብሳል። ከዘር የመጣ አሸንዳ አበባ የሚሰጠው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው። በዓመቱ አበባ የሚፈልግ ሰው አደይ ይዝራ።

ጎረቤት ያደገ ተክል ካለው ግን መንገዱ አጭር ነው። አራትና አምስት ዓመት የቆየ ተክል ራሱን እያባዛ ይጠባበቃል፤ መሃሉም እየደከመ ይሄዳል። በሰኔ መጀመሪያ፣ ዝናቡ መሬቱን ሲያለሰልስ፣ ቁጥቋጦው በሙሉ ተነሥቶ በስለታም ቢላዋ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል ሥርና ቢያንስ አንድ ጤናማ የቅጠል እምብርት ሊኖረው ይገባል። ቅጠሉ በግማሽ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው ሥር ለአንድ ቀን ጥላ ላይ ደርቆ ይተከላል። እናት ተክሉም ይታደሳል።

በጋው የሚፈተነው ባለቤቱን ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ዝናቡ ሲያበቃ መደቡ በደረቅ ሣር ወይም በጤፍ ጭድ አራት ጣት ያህል ይሸፈናል፤ መሬቱ እንዳይሰነጠቅ ይጠብቃል። ጭዱ አንገቱን መንካት የለበትም። ውኃ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከመርጨት በሳምንት አንዴ ሥር ድረስ እስኪገባ ማጠጣት ይሻላል፤ በየቀኑ የሚረጭ ውኃ ላይ ላዩን አርጥቦ ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል። አትክልትና እህል የታጠበበት ውኃ ይጠቅማል። የልብስ እጣቢ ግን አይመከርም፤ በዱቄት ሳሙና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሸክላ አፈርን የባሰ ያጣብቀዋል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ለዚህ የደጋ ተክል አያሳስብም፤ ቅጠሉ ጫፉ ቢጠቁር እንኳ ልቡ ይተርፋል። ቀንድ አውጣ በክረምት ለጋውን ቅጠል ይበላል፤ ማለዳ በእጅ መልቀም ይበቃዋል።

አበባው ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ንቦች ናቸው፤ ከእነርሱ ጋር ረጅምና ቆልማማ ማንቁርት ያላት፣ ከቱቦው ሥር ማር የምትቀስም ትንሽ የአበባ ወፍ ትመጣለች። ከእነዚህ ወፎች አንዷ በዓለም አቀፍ ስሟ የተከዜን ወንዝ ስም ትይዛለች፤ የኢትዮጵያ ደጋ ወፍ ናት። ቀፎ ያለው የከተማ ንብ አናቢ ይህን ልብ ማለት አለበት፤ ለጌጥ ተብለው ከሚተከሉት ብዙዎቹ ድርብርብ ቅጠል ያላቸው አበቦች ለንብ ቀለብ የላቸውም።

ውኃው ፈጽሞ የማይንጠፈጠፍበት፣ መደብም የማይሠራበት ቦታ ካለ አሸንዳን አስገድዶ መትከል ልፋት ነው። እዚያ ቄጠማ ይሻላል፤ ለበዓል የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ውኃ ውስጥ ቆሞ ያድራል፣ በየዓመቱም ይታጨዳል። ነጭ ቀንድ የመሰለው ካላ ሊሊም እንዲህ ያለውን ቦታ ይችላል። ካላ ሊሊ በሳይንስ ስሙ «የኢትዮጵያ» የሚል ቃል ስላለበት ብዙ ሰው የአገር ተወላጅ ይመስለዋል። አገሩ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ስሙን የሰጡት አውሮፓውያን በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በታች ያለውን የአፍሪካ ምድር ሁሉ ነበር። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው አሸንዳ በስሙ ኢትዮጵያን አልያዘም፤ በችግኝ ጣቢያዎችም እምብዛም አይታይም።

ለኃላፊዎች የሚቀረው ጥያቄም እዚህ ላይ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ፣ በቅርብ ዓመታትም በወንዝ ዳርና በኮሪደር ልማት ሥራ በከተማው ብዙ ችግኝ ተተክሏል። የችግኝ ጣቢያ ዕቅድ ሲወጣ ግን በአብዛኛው የሚቆጠረው ዛፍ ነው፤ አበባ ሲባል ዘሩ ወይም ቁርጭቱ በቀላሉ የሚገኘው የውጭ ዝርያ ይመረጣል። የአገር አበባ ያልተባዛው አስቸጋሪ ስለሆነ አይደለም፤ ጠያቂ ስለሌለው ነው። ጠያቂ የሌለውም በየጣቢያው የሚታይ ችግኝ ስለሌለ ነው። ይህን ዙሪያ ጥምጥም መቁረጥ የሚችለው አንድ የወረዳ የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት በዕቅዱ ላይ ጥቂት መቶ ችግኝ ሲያስገባ ነው። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል የአገር በቀል ዕፅዋት ሥራ የሚሠራ ተቋም ነው፤ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትም እዚሁ አዲስ አበባ ይገኛል። ስለ መረሬ መሬት ማንጠፍጠፍ የሚጠየቅ ካለም የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ከቱሉ ዲምቱ ብዙም በማይርቀው በቢሾፍቱ ነው። ጣቢያው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ የኒፎፊያ ዝርያዎች እርስ በርሳቸው በቀላሉ ይዳቀላሉ። ከደቡብ አፍሪካ ዘር የመጡ የጌጥ ዓይነቶች አጠገብ የተለቀመ ዘር የኢትዮጵያውን አሸንዳ አይሰጥም። የእናት ተክሎቹ ቦታ ለብቻው ይሁን።

ሌላም የሚታሰብ ጉዳይ አለ። በአቃቂ ወንዝ ዳር አትክልት የሚያለሙ አርሶ አደሮች ከፋብሪካና ከመኖሪያ ቤት በሚወጣ ፍሳሽ የተበከለ ውኃ ይጠቀማሉ። በዚህ ውኃ በሚለማ ሰላጣና ጎመን ላይ የከባድ ብረታ ብረት ክምችት እንዳለ በተደጋጋሚ ጥናቶች ታይቷል። አርሶ አደሩን «አታልማ» ማለት ቀላል ነው፤ ምን ያልማ የሚለው ግን መልስ ይፈልጋል። የማይበላ ነገር፣ ማለትም የአበባ ችግኝ፣ የአገር በቀል ተክል ዘር ማባዣ፣ ለመናፈሻ የሚሸጥ ቁጥቋጦ ማልማት አንዱ መልስ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን ገዥ ሲኖር ነው፤ ለመናፈሻና ለመንገድ ዳር ችግኝ የሚገዛው ደግሞ በዋናነት መንግሥት ራሱ ነው። በዚያ ውኃ የሚሠራ ሰው ጓንትና ቦት ጫማ ማድረግ፣ ከምግብ በፊትም እጁን በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት።

ዕቅዱ ከበጀት ዓመቱ ጋር በደንብ አይገጥምም፤ ይህም ቀድሞ መታወቅ አለበት። በጀቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፣ ዘሩ የሚለቀመው ኅዳር ላይ ነው፣ የሚዘራው የካቲት ላይ ነው፣ ጠንካራ ችግኝ የሚወጣው በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ነው። ስለዚህ ሥራው በሁለት የበጀት ዓመት ካልተያዘ፣ መጋቢት ላይ የተዘራው ችግኝ ሰኔ 30 ቀን ሲደርስ «ያልደረሰ» ተብሎ ከሪፖርት ይወጣል፤ ውኃ የሚያጠጣውም ያጣል። ዘር ለቃሚው ከጥቅምት በፊት ቢመደብ፣ ሣጥኑም ጥር ላይ ቢዘጋጅ፣ የመጀመሪያው ችግኝ ሦስተኛውን ክረምት ሳያልፍ አበባ ይይዛል።